«ንጉሥ አይከሰስ»፦ ርእሰ ብሔርን ከሥልጣን ስለማንሣት የሚነገሩ ቃላት ታሪክ

1. መነሻ

ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከዚያ በሠላሳ አራተኛው ቀን፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው መውረዳቸው በአዋጅ ተነገረ። ስለ እነዚህ ሁለት መሪዎች በአማርኛ ስንናገር አንድ ግሥ ለሁለቱም ይበቃናል፤ «ከሥልጣን ወረዱ» እንላለን። ሰሚውም ሌላ ማብራሪያ አይጠይቀንም።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ድርጊቶች እጅግ የተራራቁ ናቸው። በኒክሰን ላይ የተወካዮች ምክር ቤት የሕግ ኮሚቴ ሦስት የክስ አንቀጾችን አጽድቆ፣ ጉዳዩ ለጠቅላላው ምክር ቤት ድምፅ ከመቅረቡ በፊት፣ ፕሬዚዳንቱ በገዛ እጃቸው የመልቀቂያ ደብዳቤ ፈርመው ሄዱ። ስለዚህ በሕጉ አነጋገር አልተከሰሱም፤ አልተፈረደባቸውም፤ አልተሻሩም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ግን ከጦር ኃይሎች፣ ከፖሊስና ከብሔራዊ ጦር የተውጣጣው ደርግ ሻራቸው። ክስ ተነቦላቸው መልስ የሰጡበት ችሎት አልነበረም። «ወረዱ» የሚለው ግሥ የሁለቱን ፍጻሜ ይነግረናል፤ መንገዱን ግን ይሸፍንብናል።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። አማርኛ ርእሰ ብሔር ከሥልጣን የሚነሣበትን ፍጻሜ የሚገልጹ ቃላት ሞልተውታል። ወደዚያ ፍጻሜ የሚያደርሰውን የክስና የፍርድ ሥርዐት የሚሰይሙ ቃላትም አያንሱትም፤ ነገር ግን እነዚህ ቃላት በሌላ ቤት፣ ማለትም በሙግትና በችሎት ቤት ያደጉ በመሆናቸው፣ ከርእሰ ብሔር ጋር ተጋብተው አልኖሩም። ለምን እንዳልተጋቡ ታሪኩን እናያለን፤ የሌሎች አገሮችም ቋንቋ በዚሁ ችግር እንዴት እንዳለፈ እንመረምራለን፤ በመጨረሻም ለተርጓሚዎች ይጠቅማሉ ያልናቸውን ስያሜዎች እናቀርባለን። የኢትዮጵያን ታሪክ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ የውጭውን አገር ግን እ.ኤ.አ. እያልን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

2. ሻረ፣ አወረደ፣ አነሣ፣ አስወገደ

ከግሦቹ ሁሉ ጥንታዊውና ሰፊው «ሻረ» ነው። ከግእዙ «ሰዐረ» የወጣ ሲሆን ሥሩ ማስወገድን፣ ማፍረስን፣ ከሹመት ማውጣትን ይገልጣል። በአማርኛ ሹም ይሻራል፤ አዋጅ በአዋጅ ይሻራል፤ ሰንበትና ጾም ይሻራሉ። ከ«ሾመ» ጋር ተጣምሮም «ሹም ሽር» የሚለውን ስም አስገኝቷል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ሹመትና ሽረት በሕዝቡ አስተሳሰብ ምን ያህል የተጣበቁ እንደ ነበሩ ያሳያል። በድምፅ ከዚህ ጋር አንድ የሆነ፣ ቁስል መዳኑን የሚያመለክት «ሻረ» መኖሩም መታወስ አለበት፤ «ሞት ሽረት» በምንልበት ጊዜ የምናስበው ይህን ሁለተኛውን ነው።

የ«ሻረ» ዋና ጠባይ ከበላይ ወደ በታች መውረዱ ነው። የሚሽረው የሾመው ነው። ንጉሡ ራስን ይሽራል፣ ራስ ደጃዝማችን፣ ሁሉም በየደረጃው የበታቹን ይሽራል። ንጉሡን ግን የሚሾመው እግዚአብሔር ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ የሚሽረው ሰው በሰዋስው ቢገኝም በሥርዐቱ ውስጥ አልነበረም።

ለንጉሥ የተለየው ግሥ «አወረደ» ነው። በዘመነ መሳፍንት መስፍኑ ሲያሻው «አነገሠ»፣ ሲያሻው «አወረደ»። ሁለቱም አድራጊ ግሦች ናቸው፤ አድራጊውም መስፍኑ ነው። አፄ ኢዮአስ በ1769 እ.ኤ.አ. በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ከተገደሉ በኋላ የጎንደር ዙፋን የመውጣትና የመውረድ መሰላል ሆነ። አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ ደጋግመው ነግሠው ደጋግመው ወረዱ። በዚህ ዘመን የንጉሥ ዙፋን «አልጋ» ሲባል ከአልጋ መውረድ የዘወትር ወሬ ነበር።

በሥነ ቃል ረገድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። «ሻረ» ተደራጊውን «ተሻረ» ያስገኛል፤ ስለዚህ «ተሻረ» ሲባል ሰሚው «በማን?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። «ወረደ» ግን በዚህ ፍቺው ተደራጊ የለውም፤ «ንጉሡ ተወረዱ» አይባልም። ወይ «ወረዱ» ብለን አድራጊውን እንደብቃለን፤ ወይ «እንዲወርዱ ተደረገ» ብለን በረጅሙ እንዞራለን። ሥልጣን የያዘ ሁሉ «ወረዱ» የሚለውን የሚመርጥበት ምክንያት ከዚህ ጋር ሳይገናኝ አይቀርም።

የቀሩት ግሦች የቢሮና የመንገድ ናቸው። «ከኃላፊነት ተነሣ» ለስላሳና ገለልተኛ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ አርእስት «ማንሣት» ያልነውም ስለዚህ ነው። «ለቀቀ» በገዛ ፈቃድ ለሚደረገው ይሆናል። «ገለበጠ» እና ከግእዙ «ፈንቀለ» የተዋቀረው «መፈንቅለ መንግሥት» በኃይል ለሚሆነው ተወስነዋል። «አስወገደ» ሁለት ፊት አለው፤ በሕግ ጽሑፍ ከሹመት ማውጣት ሲሆን፣ በንግግር ግን መግደልንም ያመለክታል።

«ከሰሰ» የት ነበረ? አማርኛ ከሙግት ቃላት የደኸየ ቋንቋ አይደለም፤ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ዋስና ነገረ ፈጅ፣ ረታና ተረታ፣ በየነና ፈረደ ሁሉም አሉት። ነገር ግን የመጨረሻው ዳኛ ንጉሡ፣ የመጨረሻውም ችሎት ዙፋን ችሎት ነበር። ዳኛው ራሱ ወደ ተከሳሹ ስፍራ ሊወርድ አይችልም። ይህንኑ ሕዝቡ «ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎ አሳረፈው።

3. ከመሐላ መፈታት፦ መስከረም 17 ቀን 1909

ንጉሥ የማይከሰስ ከሆነ እንዴት ይነሣል? የ1909 ዓ.ም. ታሪክ አንድ መልስ ይሰጣል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው ባወጁ ጊዜ መኳንንቱና ሠራዊቱ በመሐላ ታስረው፣ ኑዛዜውን የሚያፈርስ ሰውም በግዝት ተይዞ ነበር። ስለዚህ ልጅ ኢያሱን ለማንሣት የሚያስፈልገው ቁልፍ በችሎት ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር።

መስከረም 17 ቀን፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱና ካህናቱ በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ልጅ ኢያሱ በዚያን ጊዜ በሐረር ነበሩ። ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነቀፋ ቀረበ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈቱ፤ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ደጃዝማች ተፈሪ ደግሞ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆነው ታወጁ።

የዚህ ሥርዐት ግሦች «ገዘተ» እና «ፈታ» ናቸው። ሁለቱም የሚነኩት ገዢውን ሳይሆን ተገዢውን ነው። በቃሉ ጥብቅ ፍቺ ልጅ ኢያሱ አልተሻሩም፤ ሌሎች ከእሳቸው ተፈቱ። ነቀፋው በሌሉበት ተነበበ፤ መልስ የሚሰጡበት ጊዜና ቦታ አልተቀጠረም። የነገሩን መጨረሻ የወሰነው ከአንድ ወር በኋላ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ የተደረገው ጦርነት ነው። ልጅ ኢያሱ በኋላ ተይዘው እስከ ሞቱበት እስከ 1928 ዓ.ም. በግዞት ኖሩ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ «እንደራሴ» የሚለው ቃል የሄደበትን መንገድም እንመልከት። ቃሉ «እንደ ራሴ» ከሚለው ተጋጥሞ የተሠራ ነው፤ በንጉሡ ፈንታ የሚቆምን ሰው ይሰይማል። ይኸው ቃል በኋላ ለሕዝብ ተመራጭ ተሰጥቶ «የሕዝብ እንደራሴ» ተባለ። ራሱ ማን እንደ ሆነ ተለወጠ፤ አስቀድሞ ንጉሡ፣ በኋላ ሕዝቡ። ንጉሥን ሊከስ የሚችል ምክር ቤት እንዲታሰብ ይህ የፍቺ ሽግግር መቅደም ነበረበት።

4. በተጻፈው ሕግ፦ ከ1923 እስከ 1967

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፣ ክብራቸውንና ሥልጣናቸውን የማይደፈር አደረገ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው፣ 131 አንቀጾች ያሉት ሕገ መንግሥት ይህን አጸና። ምሳሌያዊው አነጋገር በዚህ መንገድ ወደ ሕግ አንቀጽ ተሸጋገረ።

የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ግን አንዲት ጠባብ በር ትቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በልጅነት፣ ከአገር ውጭ በመሆን ወይም የዘውድ ምክር ቤት ባረጋገጠው ከባድ ሕመም ምክንያት ሥራቸውን ለመፈጸም ባይችሉ እንደራሴነት እንዲቋቋም ፈቅዷል። ይህ የችሎታ ማጣት ድንጋጌ እንጂ የጥፋት ድንጋጌ አይደለም። በነሐሴ 1966 ዓ.ም. የዘውድ ምክር ቤትና ዙፋን ችሎት ሲፈርሱ ይህችም በር ተዘጋች። ከዚያ በኋላ የቀረው በአዋጅ ማውረድ ብቻ ነበር። የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1 ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ፤ ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ ፓርላማውን ዘጋ። አዋጁ ሕገ መንግሥቱን በመጠቀም ንጉሡን አላነሣም፤ ንጉሡንና ሕገ መንግሥቱን በአንድነት አነሣቸው።

የቀረው የቃላት ታሪክ የሚያሳዝን ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ ስድሳ የሚጠጉ የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ሲገደሉ ድርጊቱ «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ተባለ። «ፍርድ» የሚለው ቃል ቦታውን ለ«ውሳኔ» ለቀቀ፤ ጥቂት ቆይቶም «ውሳኔ» ለ«እርምጃ» ለቀቀ። «እርምጃ ተወሰደ» የሚለው ሐረግ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደ ነበረ ለዚያ ትውልድ ማስረዳት አያሻም። ንጉሠ ነገሥቱም ሳይከሰሱ፣ ሳይፈረድባቸው፣ በእስር እንዳሉ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. አረፉ።

እንግዲህ በሃያኛው ምእተ ዓመት ከአልጋ የወረዱ ሁለት ኢትዮጵያውያን ገዢዎች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም አልተከሰሱም። «ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ምሳሌው ለንጉሡ ጋሻ ይመስላል። ነገር ግን የማይከሰስ ሰው መልስ መስጠትም አይችልም፤ መልስ ያልሰጠ ሰው ደግሞ በነፃ ሊሰናበት አይችልም። ጋሻው በክፉ ቀን የመከራከርን መብት የሚነፍግ ግድግዳ ሆኖ ተገኘ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱን «ርእሰ ብሔር» ብሎ ይሰይማል። በአንቀጽ 69፣ 70 እና 71 ስለ ስያሜው፣ ስለ አመራረጡ፣ ስለ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኑና ስለ ተግባሩ ይደነግጋል። በእነዚህ ሦስት አንቀጾች ውስጥ ፕሬዚዳንቱን ከዘመኑ በፊት የማንሣት ሥርዐት አልተጻፈም። ስለዚህ የአማርኛ የሕግ ቋንቋ ርእሰ ብሔርን የሚመለከት የክስ ስያሜን ከራሱ የሕግ ጽሑፍ ሳይሆን ከትርጉም መፈለግ ግድ ሆኖበታል።

5. በእንግሊዝ አገር አንድ ቃል ዙፋንን እንዴት እንደ ወሰነ

ዛሬ ዓለም «ኢምፒችመንት» የሚለው ቃል የተወለደው በእንግሊዝ ፓርላማ ነው። የቃሉ ሩቅ ሥር ላቲን ሲሆን እግርን በማሰሪያ መያዝን ያመለክታል፤ በእኛ አነጋገር እግረ ሙቅ ማግባት እንደ ማለት ነው። በፈረንሳይኛ አልፎ «ማደናቀፍ»፣ በእንግሊዝኛ ደርሶ «መክሰስ» ሆነ። ከ1376 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታወቀው ሥርዐት መሠረት የታችኛው ምክር ቤት ይከሳል፤ የመሳፍንቱ ምክር ቤት ይፈርዳል። ተከሳሾቹ ግን በአብዛኛው ሚኒስትሮችና ሹማምንት ነበሩ፤ ንጉሡ ግን አልነበረም። በዚያም አገር ንጉሥ አይሳሳትም፣ ስለዚህም አይከሰስም ይባል ነበርና።

ይህን ሥርዐት ጥሶ ንጉሥን ለፍርድ ያቀረበ ልዩ ችሎት በ1649 እ.ኤ.አ. ቆሞ ነበር። ቻርልስ አንደኛ በምን ሥልጣን እንደሚዳኙ ጠይቀው ለክሱ መልስ ለመስጠት እምቢ አሉ፤ በዚያው ዓመት በጥር ወር ተገደሉ። የዚህ መታሰቢያ ለአርባ ዓመት የእንግሊዝን ፖለቲከኞች ሲያስፈራ ኖረ።

በ1688 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጄምስ ሁለተኛ ወደ ፈረንሳይ በሸሹ ጊዜ ንጉሡ የሉም፤ ዙፋኑ ግን የማን ነው? የታችኛው ምክር ቤት በጥር 28 ቀን 1689 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ንጉሡ የአገሪቱን መሠረታዊ ሕግ በመጣሳቸውና ከአገር በመውጣታቸው መንግሥቱን «አብዲኬት» አደረጉ፣ ዙፋኑም ባዶ ነው አለ። ይህ ቃል ከላቲን የተወሰደ ሲሆን መካድን፣ የራስ የሆነን ነገር በገዛ ፈቃድ መተውን ይገልጻል። የመሳፍንቱ ምክር ቤት ቃሉን አልተቀበለም። በአገሩ የልማድ ሕግ የማይታወቅ ቃል ነው፤ ደግሞም በግልጥ የተነገረ ፈቃድን ይጠይቃል፤ ንጉሡ ግን እንዲህ ያለ ቃል አልሰጡም ብሎ፣ በምትኩ «ጥለው ሄዱ» የሚለውን አቀረበ።

ሁለቱ ምክር ቤቶች በቃሉ ላይ ተቀምጠው ተከራከሩ። የታችኛው ምክር ቤት ተናጋሪ ጆን ሶመርስ የሕግ ሊቃውንትን ድርሳናትና የሕግ መዝገበ ቃላትን እየጠቀሱ፣ መተው በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራም ይገለጣል ሲሉ ተሟገቱ። በየካቲት 6 ቀን መሳፍንቱ ተሸነፉና ቃሉ ጸና። መዝገበ ቃላት በአንድ ዙፋን ዕድል ላይ በምስክርነት የቆመበት ቀን ይህ ነው።

ተርጓሚ እዚህ ላይ ሊያስተውለው የሚገባው፣ የተመረጠው ግሥ አድራጊ ራሱ ንጉሡ መሆኑን ነው። ማንም አልከሰሰውም፤ ማንም አልሻረውም፤ እሱ ተወው። ይህ ከእኛው «ወረደ» ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው ዘዴ ነው። የስኮትላንድ ጉባኤ ግን በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ሌላ መንገድ መረጠ። ባላባት በጥፋቱ ርስቱን የሚያጣበትን የርስት ሕግ ቃል ወስዶ ጄምስ በጥፋታቸው የዘውዱን መብት አጡ አለ። አንድ ሰው፣ አንድ ሽሽት፣ ሁለት ግሥ፤ በአንዱ ፈቃድ አለ፣ በሁለተኛው ጥፋት። ሁለቱንም በአማርኛ «ከዙፋን ወረዱ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ታሪኩን ከነነፍሱ ያጠፋዋል።

6. ፊላዴልፊያ፦ የሚከሰስ ርእሰ ብሔር

እንግሊዞች ለሹማምንት ያበጁትን ክስ ለመጀመሪያ ጊዜ በርእሰ ብሔር ላይ ያኖሩት በ1787 እ.ኤ.አ. በፊላዴልፊያ የተሰበሰቡት የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች ናቸው። በሐምሌ 20 ቀን በተደረገው ክርክር ቤንጃሚን ፍራንክሊን ያቀረቡት ሐሳብ ከላይ ስለ «ንጉሥ አይከሰስ» ካልነው ጋር ይገጥማል። ክስ በሌለበት ጊዜ ሕዝብ ገዢውን የሚያነሣው በመግደል ነው፤ እንዲህ ሲሆን ደግሞ ሰውየው ሕይወቱን ብቻ ሳይሆን ስሙን የሚያጠራበትን ዕድል ጭምር ያጣል አሉ። በእሳቸው አመለካከት ክስ ለተከሳሹም መብት ነው።

የቃል ክርክሩ በመስከረም 8 ቀን 1787 እ.ኤ.አ. ቀጠለ። እስከዚያ ድረስ በረቂቁ የሰፈሩት የክስ ምክንያቶች ክህደትና ጉቦ ነበሩ። ጆርጅ ሜሰን «መጥፎ አስተዳደር» የሚል ቃል እንዲጨመር ጠየቁ። ጄምስ ማዲሰን ግን እንዲህ ያለ ልል ቃል ፕሬዚዳንቱን በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ደስታና ኀዘን ላይ ያንጠለጥለዋል ሲሉ ተቃወሙ። ሜሰን ቃላቸውን አንሥተው ከእንግሊዝ ፓርላማ የቆየ ሐረግ ወሰዱ፤ እሱም ታላላቅ ወንጀሎችንና ታላላቅ በደሎችን የሚጠቅስ ነው።

ይህን ሐረግ «ከፍተኛ ወንጀሎችና ደንብ መተላለፍ» ብሎ የሚተረጉም አለ። ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ግልጥ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን «ወንጀል»ን ከ«ደንብ መተላለፍ» ስለሚለይ፣ ተርጓሚው ሁለተኛውን ቃል ያገኘው ከዚያ ነው። ነገር ግን «ታላቅ» የሚለው ቅጽል ሁለቱንም ስሞች ይገዛል፤ ሐረጉም ሹም በሹመቱ የሚፈጽመውን ከባድ በደል እንጂ ጥቃቅን የደንብ ጥፋትን አያመለክትም። «ታላላቅ ወንጀሎችና ከባድ የሹመት በደሎች» ቢባል ይቀርባል።

7. ክስ ፍርድ አይደለም

በአሜሪካው ሥርዐት የተወካዮች ምክር ቤት በተራ የድምፅ ብልጫ ይከሳል፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈርዳል። የኋለኛው ስም በ1948ቱ ሕገ መንግሥታችን ከነበረው ከሁለተኛው ምክር ቤት ስም የመጣ ሲሆን፣ ለአሜሪካው ሴኔት እስከ ዛሬ ያገለግላል። ኢምፒችመንት የሚባለው የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው። አንድሩ ጆንሰን በ1868 እ.ኤ.አ. ተከሰሱ፤ 35 ለ19 በሆነ ድምፅ፣ አንድ ድምፅ ጎድሎ ዳኑ። ቢል ክሊንተን በ1998 ተከሰው በ1999 በነፃ ተሰናበቱ። ዶናልድ ትራምፕ በ2019 እና በ2021 ሁለት ጊዜ ተከሰው ሁለቱንም ጊዜ ነፃ ወጡ። በዚህ መንገድ ተከሶ የተሻረ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እስከ ዛሬ የለም። ስለዚህ ኢምፒችመንትን «ከሥልጣን ማውረድ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ያልሆነ ነገር ሆነ ይላል።

ሌላም ወጥመድ አለ። «አሰናበተ» የሚለው ግሥ በፍርድ ቤት ቋንቋ «በነፃ አሰናበተ» ሲሆን ነፃ ማውጣት ነው፤ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ደግሞ ከሥራ ማስወጣት ነው። «ምክር ቤቱ ፕሬዚዳንቱን አሰናበተ» የሚል የጋዜጣ አርእስት ስለዚህ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ አፍ ይናገራል። በዚህ ርእስ ላይ ሲጻፍ «በነፃ» የሚለው ቃል ፈጽሞ መቅረት የለበትም።

ደረጃዎቹን በጥሩ ሁኔታ የለየ ቋንቋ ኮሪያኛ ነው። በደቡብ ኮሪያ ብሔራዊው ሸንጎ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚያሳልፈው የመክሰስ ውሳኔ «ታንሔክ ሶቹ»፣ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት የሚያካሂደው ዳኝነት «ታንሔክ ሺምፓን»፣ በመጨረሻ የሚመጣው ከሹመት መሻር «ፓምየን» ይባላል። በመካከሉ ፕሬዚዳንቱ ከሥራ ታግዶ ይቆያል። ሮ ሙ-ህዩን በመጋቢት 2004 እ.ኤ.አ. ተከሰው ታገዱ፤ በግንቦት ክሱ ውድቅ ሆኖ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ፓርክ ግን-ሄ በታኅሣሥ 2016፣ ዩን ሶክ-ዮል በታኅሣሥ 2024 ተከሰሱ፤ የመጀመሪያዋ በመጋቢት 2017፣ ሁለተኛው በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤቱ ሙሉ ድምፅ ተሻሩ። ሦስቱም ታሪክ በአንድ ቃል ሊነገር አይችልም።

በጀርመን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 61 የፌዴራሉን ፕሬዚዳንት ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንዱ በሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ይከሰዋል፤ ቃሉም በግልጥ «ክስ» ነው። ፈረንሳይ ደግሞ እስከ 2007 እ.ኤ.አ. የክሱን ምክንያት «ከፍተኛ ክህደት» ትለው ነበር። በዚያው ዓመት በተደረገው ማሻሻያ ይህ ቃል ወጥቶ፣ ከሹመቱ ጋር በግልጥ የማይስማማ የግዴታ ጉድለት በሚል ተተካ፤ ውጤቱም ከሹመት መሻር ብቻ ሆነ። የወንጀል ቃል ተነሥቶ የሹመት ቃል ገባ ማለት ነው። ስያሜ ሲለወጥ ሥርዐቱ አብሮ እንደሚለወጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

8. የሚቀርቡ ስያሜዎች

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተሉትን እናቀርባለን።

ሀ/ የምክር ቤት ክስ፤ ግሡ «ምክር ቤቱ ከሰሰ»። ኢምፒችመንት ለሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ። የውጭውን ቃል እንዳለ መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን ለአማርኛ አንባቢ ክስ መሆኑን አይነግረውም፤ የዚህ ጽሑፍ ጭንቀትም ይኸው ነው።

ለ/ ከሥራ መታገድ። ክሱ እስኪወሰን ድረስ ለሚቆየው ጊዜ። ሥልጣኑ ይቆማል፤ ሹመቱ ግን አይፈርስም።

ሐ/ ጥፋተኛ መባል ወይም በነፃ መሰናበት፤ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሲታይ ደግሞ የክሱ ውድቅ መሆን። ለፍርዱ ደረጃ።

መ/ ከሥልጣን መሻር፤ ስሙ «ሽረት»። በሕግ ለተደረገ ማንሣት ብቻ። ግሡ ተደራጊ ስላለው «በማንና በምን ሕግ?» የሚለውን ጥያቄ ይጋብዛል። ከበላይ ወደ በታች የሚወርድ ቃል መሆኑም እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ሕጉ ከርእሰ ብሔሩ በላይ መሆኑን ይመሰክራልና።

ሠ/ ሥልጣን መልቀቅ። በገዛ ፈቃድ ለሚደረገው፤ ለኒክሰን የሚገባው ይህ ነው።

ረ/ ችሎታ ማጣት። በሕመም ወይም በመሰል ምክንያት ሥራን ለመፈጸም አለመቻል። ቃሉ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የታወቀ ነው፤ ከጥፋት ጋር መደባለቅ የለበትም።

ሰ/ የመተማመኛ ድምፅ መንፈግ። ይህ የርእሰ መንግሥት፣ ማለትም የጠቅላይ ሚኒስትር ጉዳይ ነው። ክስ አይደለም፤ ጥፋትንም አይጠይቅም።

«ወረደ» የሚለውን ግሥ ከቋንቋው እናውጣ አንልም፤ ለትረካ ያገለግላል። በሕግ ጽሑፍና በትርጉም ግን ለስያሜነት እንዳይውል እናሳስባለን።

ለተርጓሚዎች አንድ መፈተኛ እንተዋለን። በ2004 እ.ኤ.አ. በኮሪያ የሆነውን በእነዚህ ስያሜዎች ስንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «ፕሬዚዳንቱ በምክር ቤት ተከሰሱ፤ ከሥራ ታገዱ፤ ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ወደ ሥራቸውም ተመለሱ።» አራት ግሥ፣ አራት ድርጊት፤ አንዱም ከሌላው አይጋጭም። የመጀመሪያውን ግሥ በ«ወረዱ» ብንተካው የመጨረሻው ሐረግ ትርጉም ያጣል። «ንጉሥ አይከሰስ» ሲል በኖረ ቋንቋ ውስጥ ርእሰ ብሔር ተከሶ፣ መልስ ሰጥቶ፣ ነፃም ሊወጣ እንደሚችል አንባቢ ያለ ግርታ እንዲረዳ ማድረግ የመዝገበ ቃላት ሠሪውና የተርጓሚው ድርሻ ነው።